በዱቲ መሃል ማስተርስ፦ ቅዳሜና እሁድ ኤምፒኤች ልማር ወይስ ስፖንሰር ልጠብቅ?

የሌሊት ዱቲ፦

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፣ ከወዲሁ ይቅርታ። ነገ ዕረፍት ነኝ፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል።

ነርስ ነኝ። ኮምቦልቻ እኖራለሁ። በዲግሪ ከተመረቅሁ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አምስቱን ዓመት የሠራሁት ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። እናቴ ከእኛ ጋር ባትሆን ኖሮ እንኳን ትምህርት ዱቲውም አይታሰብም ነበር።

ማስተርስ እማራለሁ ማለት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። መስከረም ላይ "ዘንድሮስ" እላለሁ። ጥቅምት ላይ "ለከርሞ" እላለሁ። አሁን አብራኝ የምትሠራ ልጅ ተመዘገበችና ቅናት አልለውም... ቅናት ነው እንጂ፣ ሌላ ምን ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛው ምርጫዬ ደሴ ላይ ቅዳሜና እሁድ ኤምፒኤች (የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ) መማር ነው፣ በራሴ ክፍያ። ሥራዬን አልለቅም፣ ደሞዜም አይቋረጥም። ግን ዓርብ ሌሊት ዱቲ ሲደርሰኝ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አስረክቤ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ 3 ሰዓት ላይ ክፍል መገኘት አለብኝ። የምትተካኝ ነርስ አርፍዳ ከመጣች አለቀልኝ። ጭጋግ ካለ ደግሞ ሐረጎን ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው፣ መሥሪያ ቤቴ ስፖንሰር እስኪያደርገኝ ጠብቄ የጨቅላ ሕፃናት ወይም የሕፃናት ነርሲንግ በመደበኛ መማር ነው። ሁለት ዓመት ከቤት መራቅ ማለት ነው። ኮታ ሲመጣ ነው ይሄ የሚሆነው። አንዴ መጥቶም ነበር። ማስታወቂያው የተለጠፈው ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ምዝገባው የሚያበቃው ሰኞ ጠዋት። እኔ ቅዳሜና እሁድ ዕረፍት ነበርኩ። ሰኞ ከሰዓት ስገባ ሰሌዳው ላይ የቀረው ስፒሉ ብቻ ነው። ማን እንደሄደ አልናገርም። መልካም ልጅ ነው፣ ይቅናው፤ ጨቅላ ሕፃናት ክፍልን ግን በበሩ ሲያልፍ ነው የሚያውቀው።

ለምን እንደተጨነቅሁ እንዲገባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። አሥራ አንድ ሕፃናት፣ ሁለት ነርሶች። 1,450 ግራም የምትመዝን ልጅ እናቷ ደረት ላይ ናት፣ በነጠላ ታስራ። ትንፋሿ ፈጠን ያለ መሰለኝ። የክፍሉ ሰዓት ባትሪ ከጨረሰ ሰንብቷል፣ ስለዚህ ስልኬን አወጣሁ። ስክሪኑ ላይ ያቆምኩት የባዮስታቲስቲክስ ቪዲዮ አለ፣ ስለ ፒ ቫልዩ። እሱን ዘጋሁና አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ። 58። ከ60 በታች ስለሆነ ደህና ነው። እናትየው ለካ ስታየኝ ነበር።

"ሲስተር፣ ፈተና አለብሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ ገና አልተመዘገብኩም" አልኳት።

"ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?" አለችና ወደ ልጇ ዞረች።

እውነቷን ነው። ኤምፒኤች የተማሩ ጓደኞቼ አብዛኞቹ ቢሮ ገብተዋል። ሪፖርት፣ ስብሰባ፣ ሱፐርቪዥን። ሥራው አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እኔ ግን ከእነዚህ ልጆች አጠገብ መነሳት አልፈልግም። በሌላ በኩል ደግሞ ኮታ እየጠበቅሁ ማርጀትም አልፈልግም።

እየሠራችሁ የተማራችሁ ንገሩኝ። ዱቲና ክፍል እንዴት ተስማማላችሁ? በራሳችሁ ከፍላችሁ ያመጣችሁት ዲግሪ ደረጃ አሳደገላችሁ? ቴሲስስ (የመመረቂያ ጥናቱ) እንደሚወራው ያስለቅሳል?

*

ቦርከና፦

ሲስተር፣ የሄድኩበት መንገድ ስለሆነ ልናገር። ላብራቶሪ ነኝ። ኤምፒኤች ቅዳሜና እሁድ ተምሬ አምና ጨረስኩ። ሁለት ዓመት የተባለው ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ፈጀብኝ። ሰባቱ ወር ቴሲስ ነው፤ ለሦስተኛው ጥያቄሽ መልሱ እሱ ነው።

ዱቲው ይቻላል። ግን "ጓደኞቼ ይተባበሩኛል" ብለሽ እንዳትጀምሪ። ይተባበራሉ፣ ለአንድ ሴሚስተር። እኔ የዱቲ ብድር የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ። ለማን ስንት ቅዳሜ እንዳለብኝ፣ ማን በየትኛው በዓል እንደተካኝ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ዕዳዬ አሥራ አራት ዱቲ ደረሰ። የከፈልኩት በበዓላት ነው። ሙስሊም ነኝ፣ ፋሲካና ገናውን በደስታ ገባሁላቸው። አረፋን የገባሁ ዕለት ግን አንጀቴ ተቆረጠ። ኮምቦልቻ ላይ አረፋን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰሽ ስታሳልፊ፣ የጥብሱ ሽታ በመስኮት ይገባል። አንድ ስላይድ ሦስቴ አየሁ፣ ምንም አልታየኝም።

ስለዚህ ከጓደኞችሽ ጋር ሳይሆን ከሜትረኗ፣ ከነርሶቹ ኃላፊ ጋር ተነጋገሪ። ከመመዝገብሽ በፊት። በወረቀት። "ዓርብ ሌሊትና ቅዳሜ አልገባም፣ በምትኩ እሁድ ሌሊትን ዓመቱን ሙሉ እኔ እወስዳለሁ" በያት። እሁድ ሌሊትን ማንም ስለማይወደው ደስ ይላታል። እኔ ይሄን ያወቅሁት በሦስተኛው ሴሚስተር ነው።

ደረጃ ላልሽው፣ ዲግሪዬን ይዤ የሰው ኃይል ክፍል ሄድኩ። ኦሪጅናሉን አዩ፣ ኮፒውን ተቀበሉ፣ "እንኳን ደስ ያለህ" አሉኝ። ከዚያ "በዚህ ሙያ ክፍት መደብ የለም፣ ፋይልህ ውስጥ ይቀመጣል" ተባልኩ። እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጧል። ደሞዜ ያው ነው። ስለዚህ ብር ከማውጣትሽ በፊት "ይሄን ብማር የትኛው መደብ ላይ ትመድቡኛላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። መልሱ "ስትጨርሺ እናያለን" ከሆነ፣ መልሱ አይ ነው።

ሌላም አለ። የግል ኮሌጅ ከሆነ እውቅናውን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሪ። እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ ተፈቅዶለት ቅርንጫፉ ያልተፈቀደለት ሊሆን ይችላል። ከውጭ በኦንላይን የሚገኝም ቢሆን መጨረሻ ላይ አቻ ግምት የሚሰጠው ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። ቀድመሽ ጠይቂ፣ ዲግሪሽን ይዘሽ አትጠይቂ።

ይሄን ሁሉ ብዬ አልቆጨኝም፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ድሮ የወባ ፖዘቲቭ በሳምንት ከ40 ወደ 80 ሲዘል "ወረርሽኝ መጣ" ብለን እንሯሯጥ ነበር። ከተማርኩ በኋላ አንድ እንዲህ ዓይነት ሳምንት መጣ። የተመርማሪውን ቁጥር አየሁት፤ ከ200 ወደ 400 አድጓል። ሁለቱም ሳምንት 20 በመቶ ነው። የጨመረው ወባው ሳይሆን የምንመረምረው ሰው ነበር። አንድ ማካፈል ነው፣ የአራተኛ ክፍል ሂሳብ። እኔ ግን ለስምንት ዓመት አላካፈልኩትም ነበር።

*

ጤና መኮንን ነበርኩ፦

እህቴ፣ እኔ አጭር ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ጤና መኮንኖችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ በማስተርስ ማሠልጠን ተጀመረ። ሦስት ዓመት ነው። እኔም በስፖንሰር ገብቼ ተማርኩ። ዛሬ ቀዶ ሐኪም በሌለበት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሲ-ሴክሽን እሠራለሁ፣ በኦፕሬሽን አዋልዳለሁ። ስማር ሰው "ይሄ ምን ዓይነት ማስተርስ ነው? ኤምፒኤች አይሻልህም?" ይለኝ ነበር። አሁን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማህፀኗ ሊቀደድ የደረሰ እናት በአምቡላንስ ስትመጣ ማንም እንደዚያ አይለኝም። እጅሽ የጀመረውን ተማሪ። አምስት ዓመት ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሠራች ነርስ ተፈልጋም አትገኝ።

ስፖንሰር ግን ነጻ አይደለም። ውሉን አንብቢ። ስንት ዓመት እንደምታገለግዪ፣ የት እንደምትመደቢ፣ ብታቋርጪ ስንት እንደምትከፍዪ፣ ስትማሪ ደሞዝሽ ይቀጥል እንደሆነ። ዋስም ይጠየቃል። እኔ አጎቴን ነው የጠራሁት። ሊፈርም ሲል "ይሄ የብድር ነው?" አለኝ። አይ፣ የትምህርት ነው አልኩት። አሁን ሳስበው ከሁለታችን ነገሩ የገባው እሱ ነበር።

ልጅሽ አራት ዓመቷ ነው ብለሻል። አራት ዓመት ላይ እናቷ ብትርቅ ታለቅሳለች። አሥር ዓመት ላይ ብትርቂ ትቆጣለች። የራሴ ተሞክሮ ነው።

*

የሌሊት ዱቲ፦

ቦርከና፣ የአረፋው ነገር አሳቀኝም አሳዘነኝም። እሁድ ሌሊትን አላሰብኩትም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ዛሬ ለማንኛውም ብዬ የውሉን ቅጂ ጠየቅሁ። "ውሉ የሚታየው የተመረጠ ሰው ሲፈርም ነው" ተባልኩ። ሳላነብ እንድመረጥ፣ ተመርጬ እንዳነብ ነው የሚፈለገው። አንዷ የተማረች የድሮ ባልደረባዬ ግን የራሷን ቅጂ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። አራት ገጽ ነው። ሦስቱ ገጽ ባቋርጥ ምን እንደምሆን ነው የሚያወራው።

የልጄን ነገር ሲያነሱት ግን ዝም አልኩ። እናቴ "እኔ አለሁ፣ ሂጂ" ትላለች። ችግሩ እሷ እንደምትችል ማወቄ ነው መሰለኝ። ሰበብ አሳጣችኝ።

አንድ ሌላ ጥያቄ። ለቴሲስ ስንት ሰው እንደሚጠና፣ ሳምፕል ሳይዝ የሚባለውን ቁጥር እንዴት ነው የምታወጡት? ጓደኛዬ ፕሮፖዛሏን ላሳይሽ ብላ "ሳምፕል ሳይዙ 422 ነው" አለችኝ። የሌላ ልጅም አየሁ፣ 423። ሌላም፣ 424። ወረርሽኝ ነው እንዴ?

*

ሰንጠረዥ ሁለት፦

ሳቄን አመጣሽው። የምርምር ዘዴ አስተምራለሁ። በዓመት ስንት 422 እንደማይ ብነግርሽ ታዝኝልኛለሽ።

ምሥጢሩ ይኸውልሽ። መጠኑ የማይታወቅ ነገር ስታጠኚ 50 በመቶ ነው ብለሽ ትገምቻለሽ። በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ በ5 በመቶ የስህተት ወሰን። 1.96 በራሱ ይባዛል፣ በ0.5 ይባዛል፣ እንደገና በ0.5 ይባዛል፣ ከዚያ 0.05 በራሱ ተባዝቶ ለወጣው ይካፈላል። 384.16 ይወጣል። መልስ የማይሰጥ ሰው ይኖራል ተብሎ 10 በመቶ ይጨመራል። ነጥቧን የጣላት 422 ይጽፋል፣ ወደ ላይ ያነሳት 423፣ ከመጀመሪያው 385 ያለው 424። ሦስቱም ተማሪ የሄደው በአንድ መንገድ ነው። ቅር የሚለኝ ቁጥሩ አይደለም፤ "ለምን 50 በመቶ?" ስላቸው "ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል" ማለታቸው ነው። ቀድሞ የተጠና ካለ የዚያን መጠን ውሰጂ፣ ቁጥርሽ ይለወጣል።

ደግሞ የአንቺ ክፍል ትንሽ ነው። በጥናቱ ጊዜ ውስጥ ክፍልሽ የሚገቡት ለምሳሌ 210 ሕፃናት ከሆኑ 384 ከየት ታመጫለሽ? ማስተካከያ አለው። 384ን፣ 1 ሲደመር 384 ለ210 ሲካፈል ለሚወጣው ታካፍያለሽ። 136 ይሆናል። አሥር በመቶውን ጨምሪ፣ 150። ከ210ሩ 150 ከምትመርጪ ደግሞ ሁሉንም መውሰድ ይሻላል፤ እንደ እኔ ከሆነ 210ሩንም ውሰጂ።

ከቁጥሩ በላይ ግን ጥያቄው ነው። አንድ ነገር ጽፈሽ አለፍሽው። ያቺ 1,450 ግራም ልጅ እናቷ ደረት ላይ ናት ብለሻል። በተወለደች በስንት ሰዓቷ ነው እዚያ የደረሰችው?

ይሄን የምጠይቅሽ ለነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አለ፤ ጋና፣ ሕንድ፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ ውስጥ የተሠራ ነው። ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ ያሉ ሕፃናትን አየ። ግማሾቹ እንደተወለዱ ወዲያው እናታቸው ደረት ላይ ተደረጉ፣ ግማሾቹ እስኪረጋጉ ማሞቂያ ላይ ቆዩ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ወዲያው በታቀፉት ዘንድ በ25 በመቶ ያነሱ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ይሄ ደረት ላይ ማቀፍ ወዲያው እንዲጀመር፣ በቀንም ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሆን መከረ። ድሮ "ትረጋጋ፣ ከዚያ ትታቀፋለች" ነበር የምንለው። አሁን ተገለበጠ።

ስለዚህ በአንቺ ክፍል በስንት ሰዓት ይጀመራል? ቢዘገይ ምኑ ላይ ነው የሚዘገየው? እናትየው ኦፕሬሽን ክፍል ስለሆነች? አልጋ ስለሌለ? ባሏ ስለማይፈቅድ? ወይስ ሌሊት የተወለደው ጠዋት እስኪደርስ ስለሚጠበቅ? ይሄ ጥሩ ቴሲስ ነው። ኤምፒኤችም ብትማሪ ይሆናል፣ ነርሲንግም ብትማሪ ይሆናል። ከሕፃናቱ አጠገብ የሚያስነሳሽ ቴሲስ አይደለም፣ የምትመርጪው ርዕስ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ለቴሲስ ዳታ የሚሰበሰበው የሥነ ምግባር ፈቃድ ከወጣ በኋላ ነው። ቀድመው ሰብስበው ኋላ ፈቃድ የሚጠይቁ አሉ፤ ሲያለቅሱም አይቻለሁ። ጽሑፍ ለማግኘት ዩኒቨርሲቲሽ ሂናሪ ካለው ተጠቀሚ፣ መክፈል አያስፈልግሽም። መጠይቁን በኮቦ በስልክ መሙላት ይቻላል፣ ዳታውን ለመተንተን ኤፒ ኢንፎም ነጻ ነው። የተሰረቀ ኤስፒኤስኤስ ፍለጋ ቫይረስ ኮምፒውተርሽ ላይ አትጫኚ።

*

ከሜሪላንድ፦

ደሴ ፒያሳ ነው ያደግሁት፣ ሐረጎ ስትይ ሆዴ ተላወሰ።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ነርስ ነኝ፣ ኤንፒ እየተማርኩ ነው። ነርስ ፕራክቲሽነር ማለቴ ነው፤ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ። "ውጭ ያሉት ተመቻቸው" ለምትሉ ትንሽ ልንገራችሁ። ትምህርቱ አብዛኛው ኦንላይን ነው። አሠሪዬ የትምህርት ወጪ ያግዘኛል፤ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ግብር አይቆረጥበትም። እስከዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ ክሊኒካል የሚባለው ይመጣል። አሁን በወጣው መስፈርት ቢያንስ 750 ሰዓት በሽተኛ ማየት አለብሽ፣ ያለ ክፍያ። የሚያሠለጥንሽን ሐኪም ወይም ኤንፒ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራስሽ ነሽ የምትፈልጊው። ሲቪዬን ይዤ እንደ ሥራ ፈላጊ ክሊኒክ ለክሊኒክ ዞርኩ። በመጨረሻ እሺ ያለችኝ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ናት፣ እንጀራ ወስጄላት። ጉቦ አይደለም፣ ምሳ ነው።

በሳምንት ሦስት ቀን 12፣ 12 ሰዓት እሠራለሁ። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ አድርጌ ደረደርኳቸው፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ለክሊኒካል። የቦርከናን ምክር በሁለት እጄ እፈርማለሁ፤ ፕሮግራሙን የሚያስይዘው ከምዝገባ በፊት ያለው ንግግር ነው።

ሌላው እንቅልፍ ነው። አንድ ጠዋት ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ በ495 እየነዳሁ ዓይኔ ተዘጋ። የነቃሁት የመንገዱ ጠርዝ ጎማውን ሲያንገጫግጨው ነው። አንቺ ሚኒባስ ላይ ነሽ፣ መሪ አትይዢም፣ ያ ጥሩ ነው። ግን ሌሊት አድረሽ እስከ 11 ሰዓት ክፍል ተቀምጠሽ እሁድ ደግሞ መድኃኒት ስታሰዪ አስቢው። የጨቅላ ሕፃን መድኃኒት በነጥብ ነው የሚሰላው። የአሥርዮሽ ነጥቧን አንድ ቦታ ብታዛንፊ አሥር እጥፍ ነው። ዓርብ ሌሊት መግባት የሚያስገድድ ፕሮግራም ከሆነ፣ ይቅርብሽ።

*

ቦርከና፦

አሮጊቷን እንጀራ ያበላሽ፣ በየትኛው ወጥ እንደሆነ አልነገርሽንም።

*

ከሜሪላንድ፦

በምስር። ጾም ነበር።

*

የሌሊት ዱቲ፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁባችሁ። ዱቲ ነበር፣ ከዚያ ልጄ ታመመች፣ አሁን ደህና ናት።

የሆነውን ልንገራችሁ። ሜትረኗ ጋ ገባሁ። የእሁድ ሌሊቱን ሐሳብ ሳቀርብላት መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። "ዓመቱን ሙሉ?" አለች። "ዓመቱን ሙሉ" አልኩ። ወረቀት አውጥታ "ጻፊልኝ" አለች፤ ሐሳቤን እንዳልቀይር ፈርታ መሰለኝ። ስለዚህ ኤምፒኤች ብማር ዱቲው ተፈትቷል።

የሰው ኃይል ክፍልም ሄድኩ። ቦርከና እንዳለው ጠየቅሁ። ኤምፒኤች ብማር የትኛው መደብ? "ስትጨርሺ እናያለን።" ፊታቸው ላይ ልስቅ ነበር። የሕፃናት ነርሲንግ ብማርስ? ሰውየው ዝርዝሩን ገለጠና "ለእሱ መደብ አለ፣ ሰው ነው የሌለን" አለኝ። አምስት ዓመት እዚህ ግቢ ስሠራ ይሄን ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

እና የስፖንሰሩን ልሞክር ነው። ጋሼ፣ ምክርዎን ሰምቻለሁ። የትምህርት ሚኒስቴርን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ግን ኮታው እስኪመጣ አልጠብቅም። ያለ እሱ መንግሥትም ሆነ የግል ተቋም አያስገባም፣ ስለዚህ ቀድሜ ወስጄ ውጤቴን እይዛለሁ። ማስታወቂያ ዓርብ 10 ሰዓት ቢለጠፍም ሰኞ ጠዋት ወረቀቴ ዝግጁ ይሆናል። ሜትረኗ ራሷ "እደውልልሻለሁ" ብላለች። በመጪው ዓመት ኮታ ካልመጣ ደሴ፣ ኤምፒኤች፣ እሁድ ሌሊት።

ሰንጠረዥ ሁለት፣ ጥያቄዎ እንቅልፍ ነሳኝ። "በስንት ሰዓቷ?" አሉ። አላውቅም ነበር። አምስት ዓመት ሠርቼ አላውቅም። ለጥናት ሳይሆን ለክፍላችን ሥራ ነው ብዬ የክፍሉን ኃላፊ አስፈቀድኩና፣ ስም ሳንጽፍ የተወለዱበትንና እናታቸው ደረት ላይ የተደረጉበትን ሰዓት መመዝገብ ጀመርን። እስካሁን ከ2 ኪሎ በታች ዘጠኝ ሕፃናት ናቸው። ቀን ከተወለዱት አራቱ ሦስቱ በዚያው ቀን ታቅፈዋል። ሌሊት ከተወለዱት አምስት አንዱም ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አልታቀፈም። ዘጠኝ ሕፃን ምንም አይደለም፣ አውቃለሁ፣ 422 አይሞላም። ግን የሌሊቱ ዱቲ እኔ ነኝ።

ትላንት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አንድ ተወለደ፣ 1,700 ግራም። እናትየው ደህና ነበረች። ትንፋሹ ጥሩ ነበር፣ ቀለሙም። ማሞቂያው ላይ ላስቀምጠው ስል እጄ ቆመ። ተረኛውን ሐኪም አስጠራሁ፣ አየው፣ "ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ?" አለኝ። 7 ሰዓት ከ40 ላይ እናቱ ደረት ላይ ነበር።

አሁን ደግሞ እርዳታ። የመግቢያ ፈተናው የሂሳብ ክፍል አለው፣ እኔ ሂሳብ የነካሁት ፍሬሽማን እያለሁ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የሚያስጠና ሰው የምታውቁ?

*

ቦርከና፦

እኔ አለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ላብራቶሪ በር ላይ ካለው ቡና ቤት። ክፍያው ቡናው ነው። የሚቀጥለውን አረፋ ግን ማንም እንዳይነካብኝ፣ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።